የማክሰኞ ጠያቂ

ኢንስፔክተሩ መቅናት የጀመረው በሰባ ዓመቱ ነው። ሰው በሰባ ዓመቱ አዲስ የሚጀምረው ነገር ብዙ አይደለም። እሱ ግን በወጣትነቱ ያልሞከረውን ቅናት በስተርጅና፣ ያውም በሰው አገር፣ ያውም ለእግዚአብሔር ሥራ ተልኮ ሳለ ጀመረው። የሚብሰው ደግሞ ነገሩን በራሱ ላይ ያመጣው ራሱ መሆኑ ነው።

ስሙ የወጣለት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ኢንስፔክተር ስለነበረ ነው። እሱ ጡረታ ሲወጣ ስሙ አልወጣም። ሚስቱ እንኳ "ኢንስፔክተር" ነው የምትለው፤ ስትቆጣም ስታቆላምጥም ያችኑ ነው፣ ልዩነቱ ድምፅዋ ላይ ነው። የድምፅ ሰው ናት። ስልክ በኦፕሬተር በሚገናኝበት ዘመን ማዞሪያ ቤት ትሠራ ነበር። ኢንስፔክተሩ ያኔ ጎረምሳ መምህር ነው፤ የሚደውልለት ጉዳይ ሳይኖረው ከትምህርት ቤቱ ቢሮ እየደወለ "ማንን ላገናኝዎ?" ስትል ለመስማት ብቻ፣ ሁልጊዜ እንደሚያዝ የሚያውቀውን የወረዳውን ቁጥር ይጠይቃት ነበር። ዘጠኝ ወር እንዲህ ሲያደርቃት ከርሞ አገባት። እንግዲህ ያች ሴት ስልክ ይዛ ሰውን ምን እንደምታደርግ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ልጆቻቸው ራሳቸውን ችለው ከቤት ሲወጡ ቤተ ክርስቲያናቸው ባልና ሚስቱን ለአሥራ ስምንት ወር ወደ ሌላ አገር ላከቻቸው። ሥራቸው ራስን መቻል ማስተማር ነው። አሥራ ሁለት ቅዳሜ የሚፈጅ ትምህርት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለ አዳራሽ፣ በፕላስቲክ ወንበር። ሥራ የሌለው ሥራ እንዲፈልግ፣ ትንሽ ሱቅ ያለው እንዲያሰፋ፣ ሁሉም የሰው እጅ ከማየት እንዲወጣ። አስተማሪው ኢንስፔክተሩ ነው። ይህ ሰው በሕይወቱ ሻይ አፍልቶ አያውቅም። ካልሲው የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አያውቅም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለሴት ቢሆንም ለሱም ልኩ ነው።

ቋንቋውንም አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ጎልማሳ ሴት ታስተረጉምለታለች። በቀረው ጊዜ ከሰዋስው መጽሐፍ ይማራል፤ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ "ሄዶ ቢሆን ኖሮ" ከሚባለው ዓይነት ግሥ ደርሷል። ሚስቱ መጽሐፍ አልገዛችም። ደረጃ ላይ ከጎረቤት፣ ሱቅ ውስጥ ከባለሱቁ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ከተቀመጠ ሁሉ ቃል ለቃቅማ በአራት ወር አፏን ፈታች። ትሳሳታለች፣ ይስቁባታል፣ አብራ ትስቃለች። ኢንስፔክተሩ ስህተቷን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ነገር ግን ዳቦ የሚገዛው በሷ አፍ ነው፣ አውቶቡስ የሚሳፈረው በሷ አፍ ነው። ከመጡ ጀምሮ ብቻውን ከሕንፃው በር ወጥቶ አያውቅም።

ትምህርቱ አንድ ወግ አለው። እያንዳንዱ ተማሪ በየሳምንቱ አንድ ቃል ይገባና ካርድ ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ አንድ ባልንጀራ ይመደብለታል፤ እሱም በሳምንቱ መሀል ደውሎ "ቃልህን ፈጸምክ?" ይለዋል። ከዚህ ባልንጀራ በቀር ካርዱን ማንም አያይም፣ አስተማሪም ቢሆን። መመሪያውን ወደ እነ ኢንስፔክተሩ ቋንቋ የመለሰው ሰው ይህን ባልንጀራ "ጠያቂ" ብሎታል። ደህና ቃል መረጠ። ጠያቂ ጥያቄ የሚጠይቅም ነው፣ የታመመ የታሰረን ሄዶ የሚያይም ነው። ኢንስፔክተሩ ግን ሠላሳ ዓመት ሲጠይቅ የኖረ ሰው ስለሆነ የመጀመሪያው ትርጉም ብቻ ነበር የታየው።

ጠያቂ የደለደለው በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ዳቦ የሚጋግሩ እናትና ልጅ "እኛ እርስ በርስ እንጠያየቅ" ብለው ለመኑት። እምቢ አለ። መመሪያው ቤተሰብ ከቤተሰብ አይጣመርም ይላል።

"ተዋቸው እንጂ፣ ምን ይጎዳሃል?" አለችው ሚስቱ ከኋላ ወንበር።

"ዛሬ ይችን ከተውኩ ነገ ሁሉንም ልተው ነው።"

ተማሪዎቹ አሥራ ሦስት ናቸው። ስድስት ጥንድ ተሠርቶ አንድ ሰው ተረፈ፤ ቁልፍ ሠሪው። ሃምሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ የጣቶቹ ጫፍ በብረት ብናኝ የጠቆረ፣ ሳቂታ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁሉም ራሱን ሲያስተዋውቅ እሱ ብቻ ረጅም ታሪክ ጀምሮ ነበር። ለአንድ ሰው የተሰጠው ሁለት ደቂቃ ስለሆነ ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን ጠቆም ጠቆም አድርጎ አስቆመው። አስተርጓሚዋም "ሚስቱ ሞታበታለች፣ ሱቁን ማስፋት ይፈልጋል" ብላ በአንድ እስትንፋስ ጨረሰችው። አሁን ይኸው ሰው ያለ ጠያቂ ቁጭ ብሏል። ኢንስፔክተሩ ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ ሚስቱ ላይ አረፈ።

"አንቺ ግቢና ሙዪልን" አላት።

"እኔ ደግሞ ምን ቃል እገባለሁ?"

"አንድ ነገር አታጪም። ሌላ ሰው የለም፣ ካንቺ ጋር ይሁን።"

በገዛ እጁ አሳልፎ ሰጣት ማለት ይህ ነው። ለቁጥር ብሎ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጠራ። "ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል" ብላ በረንዳ ወጣች። ኢንስፔክተሩ የሰዋስው መጽሐፉን ከፍቶ በመስታወቱ በኩል ጀርባዋን ያያል። "ቃልሽን ፈጸምሽ?" ለማለት ሦስት ሰከንድ፣ "ፈጽሜያለሁ" ለማለት ሁለት ሰከንድ ይበቃል። እሷ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆየች። መሀል ላይ ሳቀች። ያችኑ ሳቅ ነው፣ የማዞሪያ ቤቷን፣ ከጉሮሮ ጀምሮ አፍንጫ ላይ የሚያልቀውን።

"ምን አለ?" አላት ስትገባ።

"ምን ይላል? ቃልሽን ፈጸምሽ ወይ አለኝ።"

"ለዚህ ነው ይህን ያህል?"

"እኔም እሱን መጠየቅ አለብኝ አይደል? መመሪያው ነው" አለችና ወጥ ቤት ገባች።

በሁለተኛው ማክሰኞ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሆነ። በሦስተኛው መቁጠር ተወ ለማለት ያህል ተወ እንጂ ጆሮውን በረንዳው ላይ ጥሎ ነበር። አንድ ቃል ይደጋገማል። እሷ ትናገረዋለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ መልሳ ትናገረዋለች፣ ትስቃለች። ቃሉን ግን ከሩቅ ለይቶ ሊይዘው አልቻለም። ሲያልቅ ደግሞ ይጠይቃታል፦ "ምን አለ?" እሷም፦ "ምንም።"

ቅዳሜ በአዳራሹ ደግሞ ሌላ ነገር ታየው። ቁልፍ ሠሪው ሲገባ ሚስቱን በሁለት እጁ ጨብጦ አንድ ነገር ይላታል፣ ወደ እሱም ዞሮ ጎንበስ ብሎ ሌላ ይለዋል። አስተርጓሚዋን ጠየቃት።

"እሷን 'እህቴ' ነው የሚላት" አለችው።

"እኔንስ?"

"አባባ።"

እርር ድብን አለ። ስድስት ዓመት ነው የሚበልጣት፣ ስድስት ዓመት ብቻ። እሷ እህት፣ እሱ አባት! በዚህ ቆጠራ ሚስቱ ለሱ ምኑ ልትሆን ነው? ያን ቀን ስለ ዕቅድ አወጣጥ ሲያስተምር ለቁልፍ ሠሪው ጥያቄ እየፈለገ ያፋጥጠው ጀመር። ሰውየው ሁሉንም እየሳቀ መለሰ። እየሳቀ መመለሱ ነው የበለጠ ያበገነው።

ቤት ውስጥም ነገሩ መልኩን እየቀየረ ሄደ። በአራተኛው ሳምንት ጠዋት ሲነሳ ሻይ የለም። ሚስቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ መስኮት ታያለች።

"ሻይስ?"

"ማንቆርቆሪያው እዚያ ነው፣ ውኃው እዚያ ነው" አለችው። ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

ሻይ ቅጠሉን ሲፈልግ ሦስት ቁምሳጥን ከፈተ። ያፈላው ነገር የቀለም ውኃ ይመስላል፣ ሁለቱም ዝም ብለው ጠጡት። በአምስተኛው ሳምንት ሸሚዙ ሳይተኮስ ተሰቅሎ አገኘው። በስድስተኛው ሳምንት ዳቦ ቤት ወረፋ ይዘው ተራቸው ሲደርስ፣ "ቦርሳዬን ላስተካክል" ብላ ወደ ኋላ ቀረችና ሻጩ ፊት ብቻውን አቆመችው። ኢንስፔክተሩ በጣቱ ጠቆመ፣ ሻጩ ሌላ ሰጠው፣ እንደገና ጠቆመ። የማይወደውን ደረቅ ዳቦ ይዞ ወጣ። ከኋላው እየመጣች ከንፈሯን ነክሳ እንደነበር አይቷል። ያፈረችበት መሰለው።

ሰው ከሰው ልቡን ሲያነሳ እንዲህ ነው የሚያደርገው ብሎ አሰበ። መጀመሪያ ሻይ ይቀራል። ከዚያ ሸሚዝ። ከዚያ በሰው ፊት ጥሎ ወደ ኋላ መቅረት። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያላጎደለች ሴት አሁን በየሳምንቱ አንድ አንድ ነገር እያጎደለች ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ በረንዳ ወጥታ ትስቃለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ጠረጠረ።

እንዲያውም ከመጠርጠር አለፈ። በሰባተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ከሰዓት፣ እሷ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ስትወጣ ቦርሳዋን ከፈተ። አስተማሪም ቢሆን አያይም ያለው አፉ ገና አልደረቀም። ካርዱ ከመነጽር ማህደሯ ጋር ነበር። ካርዱ ላይ ሰባት መስመር አለ፣ በሷ ጥርት ባለ የኦፕሬተር ጽሕፈት። የተጻፈው ግን በዚያ አገር ቋንቋ ነው።

ይህን አላሰበም ነበር። በቋንቋቸው ብትጽፍ ባሏ ያነብባታል፤ በሌላ የጻፈችው እንዳያነብ ነው አለ ልቡ። ሰባቱም መስመር በአንድ ቃል ይጀምራል። ቃሉን መዳፉ ላይ ገለበጠና ካርዱን መለሰ። ከዚያ ከሰዋስው መጽሐፉ ጀርባ ካለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ ፈለገ። አገኘው። አጠገቡ ሦስት ትርጉም ተጽፏል፦ ለቀቀ፣ ተወ፣ ፈታ።

ሦስት ትርጉም ሲሰጠው ቀናተኛ የትኛውን ይመርጣል? ሦስተኛውን መረጠ። ሰባት ሳምንት፣ ሰባት ጊዜ፣ ፈታሁት፣ ፈታሁት፣ ፈታሁት። ነገር ዓለሙ ዞረበትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ባዶውን ቅርጫት ይዛ ስትገባ "አመመህ እንዴ?" አለችው። "ደህና ነኝ" አላት። መዳፉን ጨብጦ ነበር።

ሌሊቱን አረፍተ ነገር ሲሠራ አደረ። ግሡን ከሦስተኛው ምዕራፍ፣ መጠይቁን ከሁለተኛው፣ አክብሮቱን ከየትም አላመጣም፦ "አንተ ከሚስቴ ምን ትፈልጋለህ?" ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካፖርቱን ለበሰ።

"ወጣ ልል ነው" አለ።

እንደሌላው ጊዜ "ቆይ ጫማ ላድርግ" ትለዋለች ብሎ ጠበቀ። አላለችም። በሩ ድረስ ተከተለችው፣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እጇ የበሩን እጀታ አጥብቆ ይዟል።

"እሺ" አለች።

እሺ! ብቻዬን ስወጣ የት ትሄዳለህ እንኳ አልተባልኩም አለና ሆዱ ባባ። ደረጃውን ሲወርድ ለማልቀስ ትንሽ ነበር የቀረው፣ ቁጣው ያዘለት እንጂ።

የቁልፍ ሠሪው ሱቅ ከድልድዩ አጠገብ መሆኑን ያውቃል። አውቶቡስ ላይ ወጥቶ "ድልድይ" አለ፣ ሾፌሩ አልሰማውም፣ ጮክ ብሎ ደገመው፣ አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አየው። መስኮት መስኮቱን ሲያይ ድልድዩ አለፈው። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርዶ አትክልት የምትሸጥ ሴትዮ አገኘና ከስድስተኛው ምዕራፍ ያጠናውን አወጣላት። ያላት ነገር በግምት "ቁልፍ ሠሪው ሄዶ ቢሆን ኖሮ የት በሆነ ነበር?" የሚል ነው። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ጎረቤቷን ጠርታ ደግሞ አስነገረችው። ኢንስፔክተሩ ደገመላቸው፣ ሁለቱም ሳቁ፣ እሱም ሳይፈልግ ፈገግ አለ። ከዚያ አንደኛዋ እጅጌውን ይዛ እስከ ሱቁ መታጠፊያ አደረሰችው።

ሱቁ ሱቅ አይባልም፤ አንድ ሰው ቆሞ እጁን ለመዘርጋት የምትጠብ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች ረድፍ በረድፍ ተሰቅለዋል። ቁልፍ ሠሪው ማሽኑን አቁሞ ቀና አለ። ፊቱ መጀመሪያ በራ፣ ከዚያ ከኢንስፔክተሩ ጀርባ የሆነ ሰው ፈለገ።

"እህቴስ?" አለ። ይችን ቃል ኢንስፔክተሩ አሁን ጠንቅቆ ያውቃታል።

"የለችም። ብቻዬን" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ያዘጋጀውን አረፍተ ነገር ሊወረውር አፉን ሲከፍት ሰውየው ሞረዱን ጥሎ ከጠረጴዛው በታች ሾልኮ ወጣ። ሁለት እጁን ይዞ ሳመው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ብቻህን?" አለው። "አውቶቡስ? ብቻህን?"

ሰው ሊጣላ ሄዶ ሲሳም ምን ያደርጋል? አረፍተ ነገሩ ጠፋበት። መዳፉን ዘረጋና በቀለም የተጻፈውን፣ ግማሹ በላብ የጠፋውን ቃል አሳየው። "ይህ ምንድን ነው? ሚስቴ... ይህን... ለምን?"

ቁልፍ ሠሪው ቃሉን አየ። ካርድ ማሳየት እንደማይፈቀድ እሱም ያውቃል። በርጩማ አውጥቶ አስቀመጠው። ከፊቱ ተንበርክኮ፣ ለሕፃን እንደሚነገር በቁርጥራጭ ቃል መናገር ጀመረ፤ ሁሉም የመጀመሪያው ምዕራፍ ቃል ነው፣ ኢንስፔክተሩ አንዱም አላመለጠውም።

"ሚስቴ። ሞተች። እኔ ወጥ ቤት። ጨው የት ነው? አላውቅም። ስኳር የት ነው? አላውቅም። መድኃኒቴ የት ነው? አላውቅም።" እጁን ወደ ጎረቤት ሱቆች ዘረጋ። "ጨው ለመጠየቅ... አፈርኩ። ሁለት ወር ያለ ጨው በላሁ። ሁለት ወር።"

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሲተርከው የነበረው፣ እሱ በሰዓት ያስቆመው ታሪክ ይህ ነው። የኢንስፔክተሩ ሚስት ግን ያኔ ትምህርቱ ሲያልቅ እስከ መጨረሻው ሰምታዋለች።

ከዚያ ቁልፍ ሠሪው መዳፉ ላይ ያለውን ቃል ነካ። ተነሳና በባዶ አየር ላይ የብስክሌት ኮርቻ ያዘ። አንድ ትንሽ ልጅ ኮርቻው ላይ እንዳለ ሁሉ ጎንበስ ብሎ እየደገፈ ሮጠ፣ በጠባቡ መንገድ ላይ አራት አምስት እርምጃ። ከዚያ እጁን ለቀቀ። ሲለቅ ያንን ቃል ተናገረ። ቆሞ፣ ሁለት እጁን በአየር ላይ እንደዘረጋ፣ ልጁ ርቆ ሲሄድ በስጋት ተመለከተ።

ለቀቀ። የመጀመሪያው ትርጉም ነበር።

ኢንስፔክተሩ በርጩማው ላይ ቀረ። ሻዩ፣ ሸሚዙ፣ የዳቦው ወረፋ አንድ በአንድ መጡበት። በሩ ላይ እጀታውን አጥብቃ የያዘችው እጇ መጣበት። አንጀቱ ራሰ ቢባል ደስ ይል ነበር፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልራሰም። ቅናቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም። የኔ ሚስት ሞቷን ፈርታ፣ ብቻዬን መቅረቴን ፈርታ፣ ይህን ሁሉ ፈርታ፣ የነገረችው ለዚህ ሰው ነው። ስድስት ማክሰኞ። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ግሥ ሳረባ።

ቁልፍ ሠሪው ስልኩን አወጣና ደወለ። ሦስት ቃል ብቻ ተናገረ፤ "መጣ። ብቻውን። በአውቶቡስ።" ከወዲያኛው በኩል የመጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ከበርጩማው ላይ ሆኖ መለየት አልተቻለም። ስለ ባሏ የሚነገረውን የምሥራች እንኳ የነገራት ሌላ ሰው ሆነ።

ተመልሶ ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ካፖርቷን ደርባ። ልትፈልገው ተነስታ ራሷን ስትመልስ እንደቆየች ያስታውቃል።

"ደረስክ" አለች።

"ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?" አለ ካፖርቱን ሳያወልቅ። "ለሱ ነግረሽ ለኔ ለምን?"

"ጠየቀኛ።"

"እኔስ? እኔ አልጠይቅሽም? በየማክሰኞው ስትገቢ አልጠይቅሽም?"

"ትጠይቀኛለህ" አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። "'ምን አለ?' ትለኛለህ። አንድ ቀን 'ምን አልሽ?' ብለኸኝ ታውቃለህ፣ ኢንስፔክተር?"

ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ምን አልሽው?" አላት።

ነገረችው። እሷ ብትቀድም ብላ ያሰበችውን ሁሉ፣ የደም ግፊት ኪኒኑን፣ የቀለም ውኃ የመሰለውን ሻይ ስትጠጣ ሳቋ እንዴት እንደተናነቃት፣ ዳቦ ቤት ውስጥ ከንፈሯን ነክሳ የቆመችው ሮጣ እንዳትደርስለት መሆኑን ነገረችው። አላቋረጣትም። አንዴ ብቻ "አንቺስ? እኔ ብቀድም?" አላት።

"እኔማ ራሴን መቻል አያቅተኝም" አለች። "አንተን እንኳ አርባ አንድ ዓመት ችያለሁ።"

ሳቁ። አብረው ሲስቁ ኢንስፔክተሩ ልቡ ቀለል አለለትና ሞኝነቱን ነገራት፤ ካርዱን ከፍቶ ማየቱን፣ ሦስተኛውን ትርጉም፣ ልትፈታው ነው ብሎ ማደሩን። የበለጠ ትስቃለች ብሎ ነበር የጠበቀው። ሳቋን ግን አቆመች።

"አንድ ጊዜ አስቤው ነበር" አለች።

"ምኑን?"

"በተጋባን በአሥራ አንደኛው ዓመት። እህቴ ጋ ልሄድ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ ልጆቹን አልብሼ ነበር። ማንም አልነበረም፣ አትፍራ። ጠያቂ አጥቼ ነው። አሥራ አንድ ዓመት 'አንቺስ?' የሚለኝ ሰው ሳይኖር።" እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "ከመታጠቢያ ቤት ወጣህ። ሻንጣውን አላየኸውም፣ እግርህ ሥር ነበር። 'ማበጠሪያዬን አየሽው?' አልከኝ። መስኮቱ ላይ ነበር። አንስቼ ሰጠሁህና፣ ይህን ሰው ጥዬው ብሄድ ማበጠሪያውን ማን ያሳየዋል አልኩ። ሻንጣውን ፈታሁት።"

ኢንስፔክተሩ ያችን ጠዋት ሊያስታውሳት ሞከረ። የለችም። በሕይወቱ ውስጥ ትልቋ ጠዋት እሱ ሳያያት አልፋለች። በቁልፍ ሠሪው ቀንቶ ነበር፣ በስልክ፣ በሳቅ። አሁን ግን እውነተኛው ቅናት መጣና ደረቱን ያዘው፤ ሚስቱ የቀረችው ለሱ ብላ አልነበረም። በአንድ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ቀና።

እጁን ሳያስበው ወደ ራሱ ሰደደ። ከጆሮው በላይ ካሉት ጥቂት ነጭ ፀጉሮች በቀር እጁ የሚይዘው ነገር አላገኘም።

"አሁንስ?" አላት። "አሁን ማበጠሪያም አያስፈልገኝም። ሻዩንም አፈላዋለሁ። አሁን ምን ያስቀምጥሻል?"

ጎንበስ ብላ ጫማዋን ከግድግዳው ጋር አስተካክላ አስቀመጠች። እሱም ጠበቀ፤ ሰዓቱን ሳያይ ጠበቀ።

"አሁንማ" አለች ቀና ብላ፣ "ፈልጌ ነዋ።"